ክር የምትቀጥለው ሴት

አቃቂ ባቡር ጣቢያ ቲኬት እሸጥ በነበረበት ዘመን፣ ከመስኮቴ ፊት ለፊት፣ የጣቢያው መንገድ ከትልቁ አስፋልት ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ አንዲት የሲሚንቶ ሴት ቆማ ነበር። ሰዉ «ሐውልቷ» ይላታል። ቀጠሮ ያላቸው ሐውልቷ ጋ ይገናኛሉ፤ ከሞጆ ወይም ከደብረ ዘይት በባቡር መጥቶ የዘመድ ቤት የጠፋበት እንግዳ «ሐውልቷን እለፍና በግራ ግባ» ይባላል። መጀመሪያ ስትቆም እናቴ ነበረች። በኋላ ፊቷ ተቀየረ። እንዴት እንደሆነ ልናገር።

እናቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ ፈትል ክፍል። ባቡር ላይ ይሠራ የነበረው አባቴ እኔ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ በሳንባ ሕመም ሞቶብናል። ትምህርቴን ስጨርስ ጣቢያው የቀጠረኝም የእሱ ልጅ በመሆኔ ነው። ሁለታችን ከሀዲዱ ማዶ፣ ከባቡር ሠራተኞች ሰፈር ዳር፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ እንኖር ነበር። እናቴ ረጅም ናት፤ ንግግሯ ግን አጭር ነው። ፈትል ክፍል የማሽኑ ጩኸት ስለማያናግር ሴቶቹ በከንፈርና በእጅ ነው የሚግባቡት። እሷም ያንን ልማድ ይዛው ቤት ትገባለች። ሥራዋ በማሽኖቹ መካከል እየተመላለሰች የተበጠሰ ክር መቀጠል ነበር። በሁለት ጣቶቿ ይዛ፣ አንዴ ጠምዘዝ አድርጋ፣ ትለቀዋለች። ማሽኑ አይቆምም።

ቀራፂው የመጣው ፋሲካ እንዳለፈ ነው። ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ አንድ ግራጫ ሹራብ የሚለብስ ሰው ነበር። ውጭ አገር ተምሮ መጥቶ ከተማ ውስጥ ሥዕል ያስተምራል። ለመስከረሙ የአብዮት በዓል ጎዳናው ላይ የሠራተኛ ሴት ሐውልት እንዲያቆም የበዓሉ ኮሚቴ አዞት፣ ጣቢያው ደግሞ ባዶውን አሮጌ የዕቃ መጋዘን ለሥራ ሰጠው። እዚያው መጋዘን ጥግ ላይ አልጋ ዘርግቶ ያድር ነበር። ሰፈሩ «አርቲስቱ» አለው።

አንድ ቀን ባቡሩ ከሄደ በኋላ መስኮቴ ጋ መጣ።

«ይቅርታ እህቴ፣ ምሳ የሚያመጡልሽ ሴትዮ እናትሽ ናቸው?»

እናቴ የከሰዓት ፈረቃ ስትሆን ወደ ፋብሪካ ስታልፍ ምሳ ዕቃዬን ታደርስልኝ ነበር።

«አዎ፣ ምነው?»

«ላስቸግራቸው ፈልጌ ነው። እንዲቆሙልኝ።»

ዋስ ማለቱ መሰለኝ። «ምን ደርሶብዎት ነው? ፍርድ ቤት አለብዎት?» አልኩት።

ሳቀ። «አይ፣ በእግራቸው። እንዲቆሙልኝና እኔ እያየሁ እንድሠራ።»

ማታ ለእናቴ ነገርኳት።

«ፎቶ ያንሳኝና ይሂድ» አለች።

«ፎቶ አይደለም እማዬ። ሐውልት ነው።»

«ሐውልት ለሞተ ሰው ነው።» እራቷን በልታ ከጨረሰች በኋላ ግን «ምን እያደረግሁ ነው የምቆመው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እንደ ሥራሽ። ክር እየቀጠልሽ።»

«እሱንስ ስቆም ነው የምውለው» አለች። በዚሁ ተስማማች። እሑድ ከሰዓት ብቻ ልትሄድ፣ ነጠላዋን ላታወልቅ፣ እኔም አብሬያት ልቀመጥ። ስለዚህ ያን ክረምት ሙሉ እሑድ እሑድ፣ የሰው እናቶች ልጃቸውን ሲጠብቁ፣ እኔ መጋዘን ውስጥ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀምጬ እናቴን ስጠብቅ ነበር።

መጀመሪያ ቀን ሥራው አልሄደም። «ጣቶችዎን እንደ ሥራ ቦታ ያድርጉልኝ» ሲላት፣ «ክር ሳይኖር እንዴት ይሆናል?» አለችው። መጋዘኑ ውስጥ ክር የለም። ከፋብሪካ እንዳታመጣ ደግሞ በር ላይ ይፈተሻሉ። እሱ ዙሪያውን ሲያይ ቆይቶ የሹራቡን እጅጌ ጫፍ ፈታና ረዘም ያለ ክር ስቦ በጥርሱ በጠሰው። እናቴ ተቀበለችው፤ በጠሰችው፤ ቀጠለችው። በየሳምንቱ እንዲሁ ሆነ። ሐምሌ ሲያልቅ አንደኛው እጅጌው ክርኑ ጋ ደርሶ ነበር።

ብዙ አያወሩም ነበር። አንድ ቀን እሱ፣ «ክር ሲበጠስ በምን ያውቃሉ? በድምፅ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«ድምፅ የለውም። ጎሎ ይታያል።»

እሷም አንድ ቀን ጠየቀችው። «ልጅ የለዎትም?»

«የለኝም።»

«ሚስትስ?»

«ነበረችኝ፤ የዚያ አገር ሰው ነበረች። እዚህ መምጣት አልፈለገችም።»

«እሺ» አለችና ክሯን ቀጠለች።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሐውልቷን በጭነት መኪና አምጥተው መሠረቷ ላይ አቆሟት። ውስጧ ፌሮና ሽቦ ነው፣ ላይዋ ሲሚንቶ። ከሰው ቁመት እጥፍ ትሆናለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች፣ አንገቷን ትንሽ ያቀረቀረች፣ ሁለት እጆቿን ደረቷ ፊት አቀራርባ በጣቶቿ ጫፍ የሆነ ነገር የያዘች ሴት። የያዘችው ነገር አይታይም፤ ክር በሲሚንቶ አይሠራም። ሰፈሩ ስለዚህ ነገር ብዙ ተከራከረ። መርፌ ላይ ክር እያስገባች ነው ያለ አለ፤ ጨው ቆንጥራ ነው ያለ አለ፤ ጠላ ቤት ደግሞ ቅማል እየገደለች ነው ተባለ። የፈትል ክፍል ሴቶች ብቻ አልተከራከሩም። አንድ ጠዋት ከሌሊት ፈረቃ ሲወጡ አንዷ በሌላዋ ትከሻ ላይ ወጥታ ጣቶቹ መካከል እውነተኛ ክር አሰረች። ዝናብ እስኪበጥሰው ቆየ።

ፊቱ ግን የማን እንደሆነ ሁሉም ወዲያው አወቀ። የጉንጯ አጥንት፣ ረጅሙ አፍንጫ፣ ስታተኩር ከንፈሯን የምትነክሰው፣ ሁሉም ነበረ። እናቴ በመንገዱ ስትሄድ ሰው ቀና ብሎ ሐውልቷን፣ ዝቅ ብሎ እሷን ማየት ጀመረ። ከጠላ ቤት የሚወጡ አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አንስተው ለሐውልቷ ሰላምታ ይሰጡና እናቴ ስታልፍ ግን አያውቋትም። እሷም በጣቢያው መንገድ ማለፍ ትታ በሀዲዱ ጀርባ፣ በጭቃው በኩል ዞራ ወደ ፋብሪካ መሄድ ያዘች።

«ለምን ትዞሪያለሽ?» ስላት፣ «ሰዉ እኔ ሳልደርስ ፊቴን ጠግቦት ይቆየኛል» አለችኝ።

በዓሉ ሲቃረብ ኮሚቴው ሊያይ መጣ። ሰብሳቢው ካኪ የለበሰ፣ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነበር። የተነጋገሩት መስኮቴ ፊት ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«ጓድ፣ ይቺ ሴት ለምንድን ነው ያቀረቀረችው?»

«ክር እየቀጠለች ነው» አለ ቀራፂው።

«ክሩ የታለ?»

«ክር በሲሚንቶ አይሠራም።»

«እንግዲያው ባዶ እጇን አቀርቅራ ቆማለች ማለት ነው። ለበዓል! ቀና ትበል።»

«አንገቷን ከነካሁት ትሰነጠቃለች።»

ሰብሳቢው ሐውልቷን ዞሮ አየና ተመለሰ። «ፊቷ ይቀየር እንግዲያው። ይቺ የደከማት ሴትዮ ናት። ወጣት ትሁን፣ ፈገግ ትበል።»

«አልቀይርም።»

በዚያ ዘመን እንዲህ ዓይነት ቃል ከፍ ባለ ድምፅ አይነገርም ነበር። ከኮሚቴው አንዱ ወደ መሬት አየ፤ ሌላው ወደ እኔ መስኮት አየ፤ እኔም ሳንቲም የምፈልግ መሰልኩ። ሰብሳቢው አልተቆጣም። «እስከ ዓርብ» ብሎ ብቻ መኪናው ውስጥ ገባ።

ማታ ለእናቴ ስነግራት እስክጨርስ አልጠበቀችም፤ ነጠላዋን ደርባ ወጣች። ተከተልኳት። ቀራፂው መጋዘኑ ውስጥ መሣሪያዎቹን አጥቦ ደርድሮ፣ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ በገመድ አስሮ፣ አጠገቡ ተቀምጧል።

«ብርድ ልብሱ ወዴት ነው?» አለችው።

«ምናልባት ቢወስዱኝ ብዬ ነው።»

«በምን ምክንያት?»

«በሥራዬ።»

«ፊቱ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነዋ።»

«የእኔ ከሆነ እኔ ልናገር። ይቀይሩት። በእኔ አፍንጫ ምክንያት ሰው አይታሰርም።»

«ከተቀየረ በኋላ እርስዎ አይሆኑም እኮ» አላት።

«እኔማ ይኸው ቆሜያለሁ» አለችው።

ከዚያ እናቴ ጎንበስ ብላ የብርድ ልብሱን ገመድ ፈታች፤ አልጋው ላይ ዘረጋችለት።

በማግሥቱ መሰላል ላይ ወጥቶ ፊቱን በመሮ አነሳው። ዓርብ ሳይደርስ አዲስ ፊት ቦታውን ያዘ፤ ጉንጩ ክብ፣ ጥርሱ የሚታይ፣ የሃያ ዓመት ልጃገረድ። አንገቷ ግን እንዳቀረቀረ ስለሆነ ፈገግታዋን ለጣቶቿ ነው የምትሰጠው። አዲሱ ሲሚንቶ ከአሮጌው ጋር ቀለሙ ስላልገጠመ ፊቷ ከሰውነቷ ነጣ ብሎ ቀረ፤ ከዓመታት በኋላም አልገጠመም። የበዓሉ ዕለት ሰብሳቢው ረጅም ንግግር አደረገ፤ ማርሽ ተመታ። ቀራፂውን መድረክ ላይ የጠራው የለም። ከሕዝቡ መካከል፣ እጅጌው በጎደለ ሹራብ ቆሞ አየሁት። እናቴም ከበዓሉ ማግሥት ጀምሮ በጣቢያው መንገድ ማለፏን ቀጠለች።

ጥቅምት ላይ ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። የጣቢያችን ሹም፣ ጡረታ የወጡ አንድ የባቡር ነጂ ጎረቤታችን፣ እና የነፍስ አባታችን። የአባቴ እህት፣ አክስቴ፣ ከሳሪስ ልትጠይቀን መጥታ ነበር። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ሲታዩ ክንዴን ይዛ ጓዳ አስገባችኝ።

«ልብስሽን ቀይሪ! አርቲስቱ የላካቸው ናቸው፤ ከመንገድ ጀምሮ ሰው ሲያወራ ሰምቻለሁ።»

«እሱ? ያባቴ እኩያ እኮ ነው!»

«የተማረ ሰው ነው። ቀይሪ።»

አልቀየርኩም፤ ግን ለእምቢታዬ ጥሩ ጥሩ ቃላት እየመረጥኩ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ እንዲቀመጡ ለመንናቸው፤ እንደ ወጉ አንቀመጥም አሉ። የነፍስ አባታችን «ለቁም ነገር ነው የመጣነው» ሲሉ አክስቴ ቶሎ ብላ፣ «ልጃችን እንግዲህ ጨዋ ናት፣ በሥራዋም…» ብላ ጀመረች። የጣቢያው ሹም ጉሮሮውን ጠረገ፤ አለቃዬ ስለሆነ ፊቴን ማየት ከብዶት ጣሪያውን አየ።

«ልጅቷን አይደለም» አለ። «እናትየዋን ነው።»

ያዘጋጀሁት እምቢታ አፌ ውስጥ ቀረ። እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ እፎይም ብያለሁ። ትንሽ ግን ደግሞ ከፋኝ። ለምን እንደከፋኝ ያን ጊዜም አልመረመርኩትም።

እናቴ ከመደቡ አልተነሳችም። «ሦስት ወር ሙሉ ሲያፈጥብኝ አፍ አልነበረውም?» አለች።

ባቡር ነጂው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። አክስቴ ነጠላዋን ሰብስባ፣ «የወንድሜ አጥንት ገና ሳይደርቅ!» ብላ ወጣች። አባቴ ከሞተ ስምንት ዓመት አልፎታል። እናቴ ለሽማግሌዎቹ ለመጪው እሑድ ቀጠሮ ሰጠቻቸው።

ቅዳሜ ማታ ሽሮ እያማሰልኩ ሳለሁ ከኋላዬ ጠየቀችኝ።

«ያን ቀን በመስኮትሽ አይተሽዋል አይደል? ፊቴን ሲያፈርሰው።»

«አይቼዋለሁ።»

«እንዴት አድርጎ ነው ያፈረሰው?»

ያየሁትን ነገርኳት። መሰላሉ ላይ ወጥቶ ብዙ ጊዜ ሳይነካው ቆመ። ከዚያ ወረደና ጆንያ አምጥቶ ውኃ ነከረው፤ ተመልሶ ወጥቶ ፊቱን ዙሪያውን አለበሰው። የመታው በጆንያው ላይ ነው። ስብርባሪው ጆንያው ውስጥ ቀረ፤ መሬት ላይ አንድም አልወደቀም። ጆንያውን ጠቅልሎ እንደ ታመመ ሰው በሁለት እጁ ይዞ ወረደ።

እናቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሽሮውን አወረድኩ።

«ነገ ሲመጡ ሻይ አፊላቸው» አለች። «እሺ ብያለሁ።»

ሰርግ አልነበረም። የነፍስ አባታችን ባሉበት ምሳ ተበላ፤ እሱ መሣሪያውንና ያንን ብርድ ልብስ ይዞ ገባ። አክስቴ ለሁለት ዓመት ቤታችንን አልረገጠችም። ቀራፂው ጠዋት ጠዋት ወደ ለገሃር በሚሄደው ባቡር ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳል፤ ማታ ይመለሳል። ጎረቤት ሲሞት የመቃብር ድንጋይ ይሠራል። የጎዳና ሐውልት እንዲሠራ ዳግመኛ ያዘዘው የለም። እኔ ቲኬቱን ስቆርጥለት እንደ ማንኛውም መንገደኛ ተራ ይዞ ይቆም ነበር፤ «ይግቡ» ብለው እንኳ አይገባም።

እንዲህ ስንኖር መንግሥት ተለወጠ። ያን ግንቦት ባቡር ለጥቂት ቀናት ቆሞ ነበር። እኔ የጣቢያውን በር ቆልፌ ከውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ጩኸት ሰማሁ። ገመድና ትልልቅ መዶሻ የያዙ ሰዎች ሐውልቷን ከበዋል። አንደኛው ወጥቶ ገመዱን አንገቷ ላይ ካሰረ በኋላ ሁሉም ከሥር ሆነው ይጎትቱ ጀመር። አልነቃነቅ አለች። ወደ ውጭ ወጣሁ፤ በዚያው ቅጽበት ቀራፂው በነጠላ ጫማ፣ ሸሚዙን ሳይቆልፍ፣ ከቤት በኩል እየሮጠ መጣ። ስድሳ ዓመት አልፎት ነበር።

«እንዲህ አትጎትቱ!» አለ መካከላቸው ገብቶ። «አንገቷ የተሰነጠቀ ነው። ጭንቅላቷ ይወርድባችኋል!»

መዶሻ የያዘ አንድ ጎልማሳ ዞረ። «አንተ ደግሞ ማን ነህ?»

«የሠራኋት ነኝ።»

ጎልማሳው ጠጋ ብሎ አየው። «እንግዲያው የእነሱ ሰው ነህ።»

እጁን ያነሳ ሰው አልነበረም፤ ክቡ ግን ጠበበ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። እናቴ ናት የደረሰችው። ሰዉን በክርኗ እየገፋች ገብታ ክንዱን ያዘችው።

«አንተ! ና ወዲህ!» አለችው። እስከዚያ ቀን ድረስ «አንተ» ብላው አታውቅም።

ከሕዝቡ መሀል አንዲት አሮጊት የፋብሪካ ሠራተኛ ጮኸች። «ተዉአቸው! ሐውልቷ እኮ እሳቸው ነበሩ!»

ጎልማሳው ሐውልቷን ቀና ብሎ አየ፤ እናቴን አየ። «አትመስልም» አለ።

«አልመስልም» አለች እናቴ። «ባሌን ይዤው ልሂድ?»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላም ሳቀ። ጎልማሳው መንገድ ለቀቀላቸው። ቀራፂው ግን አልሄድም አለ። ክንዱ በእናቴ እጅ እንደተያዘ፣ በሌላው እጁ እያመለከተ ያስረዳ ጀመር። «ገመዱን ወገቧ ላይ አድርጉት። አስረዝሙት፤ ከአስፋልቱ ማዶ ሆናችሁ ሳቡ። መጀመሪያ ከጀርባ፣ ከጉልበቷ በላይ ምቱ፤ እዚያ ጋ ፌሮው ሁለት ብቻ ነው።» ሰዎቹ ተያዩና እንዳላቸው አደረጉ። ሐውልቷ ሰው ወደሌለበት ወደ ቦዩ በኩል ወደቀች። ማንም አልተጎዳም።

አቧራው ሲበርድ ወደ ስብርባሪው ሄዶ ቁጢጥ አለ። አንድ ቁራጭ አንስቶ በጣቱ አፈረፈረውና ወደ እኔ ዞረ። «አሸዋ አብዝተውበት ነበር። ያን ጊዜም ነግሬያቸው ነበር» አለኝ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ የፀጉሩን አቧራ አራገፈችለትና ወሰደችው። ፌሮውን የአካባቢው ሰው በሁለት ቀን ለቅሞ ጨረሰው። ትልቁ የቀሚሷ ቁራጭ ብዙ ጊዜ ቦዩ ላይ መሻገሪያ ሆኖ አገለገለ። መሠረቷ ላይ ሊስትሮዎች ይቀመጡበት ነበር፤ በኋላ መንገዱ ሲሰፋ እሱም ተነሳ።

ቀራፂው ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። ጡረታ ሲወጣ ግቢያችን ውስጥ ዳስ ሠርቶ የመቃብር ድንጋይ ይጠርብ ነበር፤ እናቴም ከፋብሪካ ከወጣች ወዲህ አጠገቡ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። በአንድ ክረምት ብርድ መታውና ሳይቆይ ሞተ። ሳሪስ አቦ ቀበርነው። እሷ መቃብሩ ላይ ምንም እንዳይቆም ስላለች ድንጋዩ ልሙጥ ነው።

ባቡሩም ቆመ። እኔ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወርኩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ከእናቴ ጋር ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እንኖራለን። ደረጃው ስለሚከብዳት አዘውትራ አትወጣም። በወር አንድ ቅዳሜ ግን ታክሲ ይዘን ሳሪስ አቦ እንሄዳለን። እሷ መቃብሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ እኔ ገበያ ገብቼ ሽንኩርትና ቲማቲም ገዝቼ እመለሳለሁ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱ ይዘጋጋል። አቃቂን ስናልፍ አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ ወስዷታል።